ከሩፈይዳ ድንኳን እስከ ዋግ ደጋ፦ ታሞ የተነሳ ሰው ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ አንድ የተረሳ ሰው እናወጋችኋለን። ታሟል እንዳንል ሐኪም አሰናብቶታል። ድኗል እንዳንል ደግሞ ከመኝታው እስከ ደጃፉ ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዐረቦች ለዚህ ሰው ራሱን የቻለ ስም አላቸው፤ "ናቂህ" ይሉታል። በሽታው የለቀቀው፣ ኃይሉ ግን ገና ያልተመለሰለት ማለት ነው። እኛ በአማርኛችን "እያገገመ ነው" የምንለው ሰው መሆኑ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ቤት እንጀምረው። አንድ አጎታችን በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ ርቆ በሚገኝ ደጋ ላይ ነዋሪ ነበሩ። አንድ ሌሊት ሆዳቸው ተነፍቶ አላስቀምጥ አላስተኛ አላቸው። የአገሩ ሰው ቃሬዛ ይዞ ደረሰ። በዋግ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነውና ቃሬዛውን ከተሸከሙት ትከሻዎች አብዛኞቹ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እየተፈራረቁ ገደሉን አውርደው፣ ወንዙን አሻግረው፣ ጎህ ሲቀድ ከመኪና መንገድ አደረሷቸው። ሐኪም ሲመረምራቸው አንጀታቸው ታጥፎ ተገኘ፤ ሆዳቸው ተከፍቶ ታከሙ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው ተረፈች። በዘጠነኛው ቀን ወረቀትና መድኃኒት ተሰጥቷቸው "ድነዋል፣ ይግቡ" ተባሉ።

ሲሄዱ ሃያ ሰው ተፈራርቆ ተሸክሟቸው ነበር። ሲመለሱ አብሯቸው የነበረው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ብቻ ነው። ማን ይምጣ? ድነዋል ተብሏላ! ከመኪና ወርደው፣ በትር ተደግፈው ያንን አቀበት በእግራቸው ወጡት። ቤት ሲደርሱ እልል ተባለ፣ ፍየል ታረደ። ጠያቂው ሲገባ ሲወጣ ጀበናው ለሦስት ቀን ከምድጃ አልወረደም። እሳቸው ደግሞ የአገሩ ወግ የገባቸው ሰው ናቸውና እንግዳ ተቀምጦ እሳቸው አይተኙም። ጮማውንም ቂጣውንም "ብሉ፣ ደም ይተካል" እያልን ያጎረስናቸው እኛው ዘመዶቻቸው ነን። በስድስተኛው ቀን የእርሻቸውን ድንበር ላስተካክል ብለው ድንጋይ አነሱ። ቁስሉ አመርቅዞ ኖሮ ስፌቱ ተከፈተ። ቃሬዛው እንደገና ወጣ። አላህ አላቸውና ከዚህኛውም ተርፈዋል፤ ነገር ግን አንዱ በሬ ተሸጠ፣ የዚያ ዓመት ክረምትም ሳይታረስ አለፈ። የሁለተኛውን መመለሻቸውን ነገር ወደ መጨረሻው እናወጋችኋለን። ለአሁኑ ግን ጥፋቱ የሐኪም እንዳልነበረ ይታወቅልን። የእኛ የቤተሰቡ ነበር።

ይህን የመሰለ ጥፋት አዲስ አይደለም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ኡሙ አል-ሙንዚር የተባሉ የመዲና ሴት እንዲህ ያለ ገጠመኝ ያስተላልፋሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዓሊይ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ቤታቸው ገቡ። ዓሊይ ከሕመም የተነሱት በቅርቡ ነበር። በቤቱ ውስጥ የተምር ዘለላ ተንጠልጥሎ ነበርና ነቢዩ ይበሉ ጀመር፤ ዓሊይም አብረው ሊበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ነቢዩም ገና እያገገሙ መሆናቸውን ነግረው ከለከሏቸው። ኡሙ አል-ሙንዚር ይህን ሲያዩ ተነስተው ቆስጣና ገብስ ቀቅለው አቀረቡ። ነቢዩም ዓሊይን ከዚህኛው እንዲበሉ፣ ይህ የበለጠ እንደሚስማማቸው ነገሯቸው። ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) በነቢያዊ ሕክምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ከሕመም የተነሳ ሰው ሆድ ገና ደካማ መሆኑንና ከባድ ምግብ ሕመሙን ሊመልስበት እንደሚችል ያስረዳሉ። ተምር ሐራም ሆኖ አይደለም። የሚበላው ሰው ሆድ ገና ስላልጠነከረ ነው። የእኛ ፍየልም እንዲሁ ነበረች።

እዚህ ላይ የዋግ እናቶች ፈገግ ይበሉ፤ የገብሱ ነገር የሚያስደስታቸው ነውና። ቡኻሪይ እንደዘገቡት የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለታመመና ለሐዘንተኛ "ተልቢና" እንዲሰጥ ያዝዙ ነበር። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሙቅ ነው፤ ወተት ወይም ማር ይገባበታል። ገብስ በዋግ ደጋ ይበቅላል። ማሩም የዋግ ስመ ጥር ሀብት ነው። የታመመ ሰው ቤት የጎደለው ገብሱና ማሩ ሳይሆን፣ "ለጊዜው ሥጋው ይቆይ" ብሎ የሚከለክል ደፋር ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ሌላው የመዲና ታሪክ እንለፍ። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ627 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸው ላይ በቀስት ተመቱ፤ ቀስቱ የደም ሥራቸውን ቆርጦት ነበር። ሰዕድ የአውስ ጎሳ መሪ ናቸው። ቤትም ዘመድም አላጡም። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊዳቸው ውስጥ ድንኳን እንዲተከልላቸው አደረጉ፤ ምክንያቱም በቅርብ ሆነው ሊጠይቋቸው ፈልገው ነው። ኢብኑ ኢስሓቅ በሲራቸው እንደሚነግሩን ድንኳኑ ሩፈይዳ የተባሉ የአስለም ጎሳ ሴት ነበር። እኚህ ሴት ቁስለኞችን ያክሙ ነበር። በተለይም አስታማሚ የሌለውን፣ ዞር ብሎ የሚያየው ከሌለ ጠፍቶ የሚቀረውን ሙስሊም ለአላህ ብለው ያገለግሉ ነበር።

ሰዕድ በዚያ ድንኳን እያሉ ቁስላቸው ሊደርቅ ተቃርቦ ነበር። ከዚያም በአንድ ሌሊት ተከፈተ። በመስጊዱ ውስጥ ሌላ ድንኳን የነበራቸው የጊፋር ሰዎች ደም ወደ እነርሱ ሲፈስ አይተው ደነገጡ፤ ሲመጡ ሰዕድ ደማቸው እየፈሰሰ አገኟቸው። በዚያው ሞቱ፤ አላህ ይውደድላቸው። ቁስል የዳነ መስሎ እንደሚያታልል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አናውቅም። ሩፈይዳን የመሰለ አስታማሚ አጠገብ እያለ እንኳ የሚሆን ነገር ነው። ማንም ሳያየው ብቻውን የሚተኛው ገበሬማ እንዴት ይሆናል?

ከዚህ ወዲያ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ እንሻገርና ደማስቆ እንግባ። በ675 ዓ.ሂ. ቀላውን የተባለ የጦር አዛዥ ወደ ሩም ሲዘምት በደማስቆ ከባድ የሆድ ቁርጠት ያዘው። ሐኪሞቹ ባረፈበት ሆነው አከሙት፤ መድኃኒቱን ያስመጡት ግን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 እ.ኤ.አ. ካሠሩት ሆስፒታል ነበር። ሲሻለው ፈረሱን ጭኖ ሆስፒታሉን ሊያይ ሄደ። ባየውም ተደንቆ፣ አላህ ንግሥናን ከሰጠኝ እንዲህ ያለ አሠራለሁ ብሎ ተሳለ። ይህን የሚተርኩልን የግብፁ የታሪክ ሰው አል-መቅሪዚ ናቸው። ቀላውን በ678 ዓ.ሂ. ሱልጣን ሆነ፤ በ683 ዓ.ሂ. (1284 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ስለቱን አደረሰ። "አል-ማሪስታን አል-መንሱሪ" በካይሮ ተከፈተ። ሀብታምና ድኻ፣ ጌታና ባሪያ፣ ወንድና ሴት የሚታከሙበት ነበር። ለሆስፒታሉ፣ አብሮት ለተሠራው መድረሳና ለየቲሞች ትምህርት ቤት የተሰጠው ወቅፍ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ድርሃም ያስገባ እንደነበር እኚሁ ጸሐፊ ይናገራሉ።

ስለ ሆስፒታሉ ግዝፈት ብዙ ተጽፏል። እኛን የሚማርከን ግን የወቅፉ ሰነድ ነው። ሰነዱ የእያንዳንዱ በሽተኛ ምግብ ለብቻው በሆነ ሳሕን፣ ከሌላ በሽተኛ ጋር ሳይጋራ፣ ተከድኖ እንዲደርሰው ያዝዛል። በሙቀት ወራት ማራገቢያ እንዲሰጠው ሳይቀር ያነሳል። ከዚያም ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው፣ ድኖ የሚወጣ ሰው ለእርሱ የሚመጥን ልብስ ከወቅፉ ገቢ እንዲሰጠው ነው። ሁለተኛው፣ በቤቱ ታሞ ለተኛ ድኻ የወቅፉ ኃላፊ የሚጠጣውንና መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ ጎተራ እንዲልክለት፣ ይህም በውስጥ የተኙትን እንዳያጎድል ነው። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ አልነበረም። በዚያ ሆስፒታል በኃላፊነት የሠሩት አል-ኑወይሪ በየቤታቸው የሚላክላቸው ሰዎች ቁጥር በአንድ ወቅት ከ200 በላይ ደርሶ እንደነበር ጽፈዋል።

ልብ በሉ፤ ሱልጣኑ ራሱ የዳነው መድኃኒት ወዳረፈበት መጥቶለት ነው። ሰነዱን ሲያስጽፍ ያንን ሳያስታውስ አልቀረም ብለን እንገምታለን፤ ግምት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሰቆጣ ጥንታዊት የዋግ መዲና ናት። የኽምጣ ሕዝብ አገር፣ የዋግሹሞች መቀመጫ፣ በሰሜን የሲራራ ንግድ ደግሞ የአሞሌ ጨው መተላለፊያ ነበረች። በዚያ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በመንገድ የታመመ ነጋዴ ባረፈበት ቤት ሲታመም ሲነሳ የቤቱ ሰው ነበር የሚያስታምመው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ዘመናዊ ሆስፒታል በአገራችን የተጀመረው ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. በመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ዋግ ግን ለረጅም ዘመን በሽተኛዋን ወደ ደሴ፣ ወደ ወልዲያና ወደ መቐለ ስትልክ ኖራለች። ዛሬ በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሆኖም ከበድ ያለው በሽተኛ አሁንም ወደ ሩቅ ከተማ መላኩ፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ መመለሱ አልቀረም።

በዋግ ሰው ላይ የደረሰው ትልቁ የጅምላ ሕመም ግን በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ነው። ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የተነሳው ሕዝብ ወደ ኮረም ጎረፈ። ቢቢሲ በጥቅምት ወር ለዓለም ያሳየው ያንን ሜዳ ነው። በዚያ የነበሩ የውጭና የአገር ውስጥ ሠራተኞች የቻሉትን አድርገዋል። ነገር ግን የተዳከመ ሰው በአንድ ቦታ ሲታጎር ኩፍኝና ተስቦ ተከትሎት ይመጣል። ምግብ አገኛለሁ ብሎ የሄደ ስንቱ በበሽታ አለቀ። እርዳታው ያለው በመጠለያው ብቻ ነበርና እናት አንዱን ልጇን ለማዳን ሌሎቹንና ቤቷን ጥላ ለሳምንታት ትቀመጥ ነበር።

ከዚያ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ፣ ውኃም እሳትም የማይፈልግ ምግብ ወጣ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ፕላምፒ ነት ነው። 92 ግራም የሚመዝነው አንዱ ከረጢት 500 ካሎሪ ይሰጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. (በ1992 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል) ይህን ምግብ ለእናት ሰጥቶ ልጇን በቤቷ እንድታስታምም የማድረጉ ሙከራ በዚችው በአገራችን ተካሄደ። ውጤቱ አመርቂ ስለሆነ በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አሠራሩን ተቀበሉት። አሁን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን የምግብ ፍላጎቱ ይፈተሻል፤ ከበላና ሌላ ሕመም ከሌለበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካልበላ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ይተኛል፤ በረታ ሲል ደግሞ ቀሪውን ሕክምና በቤቱ ይጨርሳል። በየሳምንቱ እናቱ ይዛው ወደ ጤና ኬላ ትመጣለች። ይህን የሚያከናውኑት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት ሴት ልጆቻችን ናቸው።

እዚህም ላይ ችግር አልጠፋም። ከረጢቱ ለታመመው ልጅ የተሰጠ መድኃኒት ሆኖ ሳለ እናት ለሌሎቹም ታካፍላለች። ማን ይፈርድባታል? አንዱ ሲበላ አራቱ እያዩ! ግን የታመመው ይጎዳል፤ ካይሮ ላይ "ለብቻው በሆነ ሳሕን" ያሉት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸው ነበር። መድኃኒቱ የመድኃኒቱ ሆኖ፣ ለቀሩት ልጆች ጎረቤት እህል ቢያዋጣ እናቲቱ ከዚህ ፈተና ትወጣለች። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ያወጣውን ቃል ኪዳን "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ብሎ ሲሰይመው ዋግ የችግሩም የተስፋውም ምልክት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ግን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዞኑ ያሉ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ መጣ። በሽተኛን በቤቱ እናስታምም ስንል ቤት እንዳለው አድርገን ነው፤ በሸራ ሥር የሚያገግም ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል።

እንግዲህ ለሕፃናቱ መንገድ ተገኝቷል። ሆዱ ተከፍቶ ለተሰፋው ገበሬ፣ በምጥ ተቀድዳ ለወለደችው እናት፣ እግሩ ለተሰበረው እረኛ ግን ከሆስፒታል በር ወዲያ ያለው መንገድ አሁንም የቤተሰቡ ነው። እኛ ሙስሊሞች "ወቅፋችን የት ሄደ?" ብንል መልስ አለው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የየመስጊዱ የኪራይ ቤቶችም አብረው ተወርሰዋል። ወቅፍ ግን የሱልጣን ሥራ ብቻ አይደለም። በወሎ ገጠር ቅሬ የምንለው እድር አለን፤ ቃሬዛው የቅሬው ነው፣ ትከሻውም የቅሬው ነው። ሞት ሲመጣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንጨት እንደሚፈልጥ ሳይነጋገር ይታወቃል። ታሞ የተነሳ ሰው ሲመለስ ግን ማን እንደሚቀበለው በየትኛውም የቅሬ ደንብ ውስጥ ሰምተን አናውቅም።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። ከሆስፒታል ሲወጣ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው አብሮት ይኑር። በዋግ ደጋ ብዙ አዛውንቶች ኽምጥኛ እንጂ ሌላ አይሰሙምና "መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ጨርስ" የተባለው ከበሩ ሳይወጣ ይጠፋል። ወረቀቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳይ፤ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውስ ይመደብ። ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግበት። ትኩሳት ቢነሳ፣ መግል ቢታይ፣ ዙሪያው ቢያብጥ ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ሐኪም እስኪፈቅድ ሸክም አያንሳ፤ ማሳውን ጎረቤት ይረስለት። ጠያቂም ቡና አይጠብቅ፤ ቆሞ ዱዓ አድርጎ፣ እንጨቷን ፈልጦ፣ ውኃዋን ቀድቶ ይሂድ። የሃይማኖት ልዩነትም እዚህ አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለግላቸው የነበረ የአይሁድ ልጅ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ጠይቀውታል።

ወደ አጎታችን እንመለስ፤ ቃል ገብተናልና። ለሁለተኛ ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጡ ባለቤታቸው ቀድመው ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዱ። "ስታወርዱት ማንም አልለመናችሁም፤ አሁን ግን ስታወጡት እለምናችኋለሁ" አሏቸው። ዳኛው ለጊዜው ግራ ተጋቡ፤ የዳነ ሰው በቃሬዛ ተይዞ አይተው አያውቁማ። ከዚያ አሥራ ሁለት ጎረምሳ ላኩ። አጎታችን ከመኪናው ሲወርዱ ቃሬዛውን አይተው በጣም ተቆጡ፤ "በቁሜ?" አሉ። ጎረምሶቹ ግን አልሰሟቸውም፤ አስተኝተው አቀበቱን ጀመሩት።

ችግሩ የመጣው ከመንደሩ በታች ካለው ሸንተረር ላይ ነው። ሴቶቹ ቃሬዛ ወደ ላይ ሲወጣ ከሩቅ አዩ። ወደ ላይ የሚወጣ ቃሬዛ የሚያመጣው ሬሳ ነውና ደረታቸውን እየደቁ፣ እየጮኹ ቁልቁል ወረዱ። አጎታችን ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው እያወዛወዙ "ኧረ አለሁ! ጩኸቱን ተዉትና የገብስ ሙቁን ጣዱ!" ብለው ተጣሩ።